«ወረሰ» ሁለት ፊት አለው፦ የመሳፍንት ቤት ስብስብ እንዴት የሕዝብ ሙዚየም ይሆናል?

አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ለጎብኚ ከተከፈተ ወዲህ፣ ሀዋሳ ላይም አንድ ጨዋታ ደርቷል። ሐይቅ ዳር ቡና ይዘው የተቀመጡ ሰዎች ስለ ንጉሡ፣ ስለ አፄ ኃይለ ሥላሴ መኪናዎች ይጀምራሉ። ከዚያ ወደ ዕቃዎቹ ይሻገራሉ። ትንሽ ቆይቶ ክርክሩ ይነሳል፦ ይህ ሁሉ የማን ነው?

አንዱ «የመንግሥት ነዋ፣ ተወርሶ የለም እንዴ?» ይላል። ሌላው «የቤተሰቡ ነው፣ ወራሾቹ በሕይወት አሉ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያነሱት አንድ ግስ ነው። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚያው ነው።

አማርኛ ለሁለት ተቃራኒ ነገሮች አንድ ቃል ሰጥቶናል። ልጅ አባቱን ይወርሳል። መንግሥትም የሰው ቤት ይወርሳል። በመጀመሪያው ንብረቱ ቤተሰብ ውስጥ ይቆያል። በሁለተኛው ከቤተሰብ ይወጣል። የመሳፍንትና የመኳንንት ቤት ሥዕልና ቅርስ ሙዚየም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ ውርሶች መካከል ነው። መንገዱ ግን አንድ አይደለም። በስጦታ፣ በሽያጭ፣ በአደራ፣ በነጠቃም ሆኖ ያውቃል። የትኛው መንገድ እንደተመረጠ ደግሞ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ሙዚየሙ ምን ማድረግ እንደሚችል ይወስናል።

ስብስብ ሲባል

ቤት ያስጌጡ ሥዕሎች ሁሉ ስብስብ አይባሉም። ስብስብ የሚባለው ሰው አስቦና መርጦ ያከማቸው፣ አንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር ሲታይ ትርጉም የሚሰጥ ክምችት ነው። ሮም ውስጥ የዶሪያ ፓምፊልይ ቤተሰብ አዳራሽ ጥሩ ምሳሌ ነው። እዚያ የተሰቀለው የስፔናዊው ሠዓሊ የቬላስኬዝ ሥዕል የሚያሳየው የዚያው ቤተሰብ ልጅ የነበሩትን ጳጳስ፣ ኢኖሰንት 10ኛን ነው። ሥዕሉ ሌላ ሙዚየም ቢሄድም ትልቅ ሥዕል መሆኑ አይቀርም። እዚያ ግድግዳ ላይ ግን ከሥዕልነቱ በላይ የቤተሰብ ፎቶ ነው። ቤቱና ስብስቡ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ እጅ ናቸው። ጎብኚው ትኬት ቆርጦ የሰው ቤት ይገባል።

ይህ አንደኛው ዓይነት ነው፦ ባለቤቱ ሳይለወጥ በሩ ይከፈታል። ሌሎቹ ይበልጥ ውስብስብ ናቸው።

ለምን ሳይበተን ቆየ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አውሮፓውያን ቅርስ ያከብራሉ» የሚል ነው። ይህ አያስኬድም። የውርስ ሕጋቸው ከባህላቸው የበለጠ ሥራ ሠርቷል።

በብዙ የአውሮፓ አገሮች ትልቅ ቤት የሚተላለፈው ለበኩር ወንድ ልጅ ነበር። ከዚያም በላይ ንብረቱ እንዳይሸጥና እንዳይከፋፈል የሚያስር ሕግ ነበረ። ወራሹ በስሙ ባለቤት ይባል እንጂ በተግባር ጠባቂ ነበር። ታናናሾቹ ወደ ጦር ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይላካሉ። ሥዕሎቹ ግን ከቦታቸው አይነሱም። በዚህ ዓይነት ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ከተኬደ፣ ሰነፍ ልጅ የወረሰው ቤት እንኳ ሀብታም ሙዚየም ይሆናል።

ያ ሕግ በ19ኛው መቶ ዘመን በየአገሩ ሲላላ መሸጥ ተጀመረ። መንግሥታትም ገዢ ሆነው ገቡ። የጣሊያን መንግሥት የሮሙን የቦርጌዜ ቤተሰብ ስብስብ ከነቪላው የገዛው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው (ስለ ውጭ አገር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የቤተሰቡ ልጅ ካሚሎ ቦርጌዜ ብዙ ጥንታዊ ሐውልቶችን ለባለቤቱ ወንድም ሸጦ ነበር። የባለቤቱ ወንድም ናፖሊዮን ነው። እንዲህ ላለ ገዢ «አይሆንም» ማለት ይቻል ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሐውልቶቹም ፓሪስ፣ ሉቭር ውስጥ ናቸው።

ፍሎረንስ ላይ ደግሞ ነገሩን የያዘው አንድ ወረቀት ነው። ከተማዋን ይገዛ የነበረው የሜዲቺ ቤት የመጨረሻዋ ወራሽ አና ማሪያ ሉዊዛ ልጅ አልነበራትም። ግዛቱ ወደ ሌላ ሥርወ መንግሥት እየዞረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1737 ከአዲሶቹ ገዢዎች ጋር የቤተሰብ ውል ተፈራረመች። ሥዕሉ፣ ሐውልቱ፣ መጽሐፉ ሁሉ ለእነሱ ይሆናል፤ ከከተማዋ ግን አንዲት ዕቃ አትወጣም። ምክንያቱም በውሉ ሰፍሯል፦ ለአገሩ ጌጥ፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ እንግዳ ለመሳብ። «ቱሪዝም» የሚለው ቃል ከመለመዱ በፊት የተጻፈ የቱሪዝም ፖሊሲ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የስብስቡ ዋና ማሳያ የሆነው ኡፊዚ በ1769 ለሕዝብ ተከፈተ። ፍሎረንስ ዛሬም በዚያ ወረቀት ትበላለች።

የለንደኑ ዋላስ ስብስብ የዚህ ዓይነት ውል ሌላ ገጽታ ያሳያል። የሄርትፎርድ ማርኪሶች የሚባሉት የእንግሊዝ መኳንንት ያከማቹት ሀብት በ1897 በኑዛዜ ለእንግሊዝ ሕዝብ ተላለፈ። ቃሉ ስብስቡ ከሌላ ዕቃ ጋር ሳይቀላቀል አንድ ላይ ይቀመጥ የሚል ነበር። ይህ ቃል ለሌላ ሙዚየም ማዋስንም እንደሚከለክል ተደርጎ ሲተረጎም ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ማዋስ የተፈቀደው በ2019 ነው። የሰጪ ቃል ዕቃውን ይጠብቃል፣ ተቀባዩንም ያስራል።

ክራኮቭ፦ «ስጦታ» የተባለው ሽያጭ

ሰሞነኛውን ክርክር ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ የፖላንዱ የቻርቶሪስኪ ሙዚየም ነው። እዚያ ውስጥ ውርስም፣ ነጠቃም፣ መመለስም፣ ግዢም አሉ።

ልዕልት ኢዛቤላ ቻርቶሪስካ ፑዋቪ በምትባል ከተማ ሙዚየሟን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1801 ነው። በዚያን ጊዜ ፖላንድ የሚባል አገር በካርታ ላይ አልነበረም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ ተከፋፍለውት ነበር። ስለዚህ ሙዚየሙ ጌጥ ብቻ አልነበረም። አገር ሲጠፋ የአገር ማስታወሻ ማጎሪያ ነበር። ልጇ አዳም ዬዢ በዚያው ሰሞን ከጣሊያን አንድ ሥዕል ገዝቶ አመጣላት። ሥዕሉ ነጭ ፀጉር ያላት ትንሽ አውሬ ያቀፈች ወጣት ሴት ያሳያል። ሠዓሊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው።

በ1830 የተነሳው አመፅ ሲከሽፍ ቤተሰቡ ወደ ፓሪስ ተሰደደ። ስብስቡም ተከትሎ ተሰደደ። ክራኮቭ ላይ ሙዚየሙ እንደገና የተከፈተው በ1878 ነው። በ1939 ናዚዎች ገቡ። የሊዮናርዶ ሥዕል የናዚው ገዢ የሃንስ ፍራንክ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ተመለሰ። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ራፋኤል የሣለው የአንድ ወጣት ምስል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሙዚየሙም ባዶ ፍሬም ሰቅሎ ቦታውን ጠብቆለታል። ጎብኚ የጠፋ ነገር ለማየት ቆሞ ፎቶ ያነሳል።

ኮሙኒስቶች ሲመጡ ስብስቡን የመንግሥት ሙዚየም ያዘው። ሥርዓቱ ሲወድቅ በ1991 ለቤተሰቡ ወራሽ ለልዑል አዳም ካሮል ተመለሰ። እሱም ፋውንዴሽን አቋቋመ። ፋውንዴሽን ማለት ንብረቱ ከግለሰቡ ኪስ ወጥቶ ለአንድ ዓላማ የሚቆምበት፣ በቦርድ የሚመራ ተቋም ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የታኅሣሥ 2016ቱ ነገር መጣ። የፖላንድ መንግሥት ስብስቡን በ100 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው። 86 ሺህ ያህል የሙዚየም ዕቃና 250 ሺህ ያህል የቤተ መጻሕፍት ሰነድ ነው። ግምቱ 2 ቢሊዮን ዩሮ ተብሎ ነበር። ልዑሉና ባለሥልጣናቱ ዋጋው ከግምቱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ስጦታ ነው ሊባል ይችላል አሉ። የፋውንዴሽኑ ቦርድ አባላት ግን አልተማከርንም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ገንዘቡ ሊችተንሽታይን ወደተመዘገበ ሌላ ፋውንዴሽን ተዛወረ። ጭቅጭቁ ያኔ ባሰ።

ተቺዎቹ ያነሱት ነጥብ ቀላል አይደለም። ሥዕሉ በሕግ ከፖላንድ መውጣት አይችልም። ወደ ውጭ ሊሸጥ የማይችልን ዕቃ መንግሥት ለምን በጥሬ ገንዘብ ገዛው? ደጋፊዎቹም መልስ አላቸው። ሕንፃው ከ2010 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቶ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄው ዛሬ ካልተዘጋ ነገ ሌላ ወራሽ ሊያነሳው ይችላል። መንግሥት የገዛው ሥዕሉን ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው እንዳይነሳም ነው። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ተከፈተ።

እንደ እኔ እንደ እኔ የዋጋው ክርክር ሁለተኛ ነው። ዋናው ጥፋት የቦርዱ ጉዳይ ይመስለኛል። ፋውንዴሽን የሚቋቋመው መሥራቹ ራሱ ሐሳቡን ሲለውጥ እንኳ ዓላማው እንዳይነቃነቅ ነው። ጠባቂዎቹ ሳያውቁ በሩ ከተከፈተ ጥበቃው ስም ብቻ ነበር ማለት ነው።

ጎረቤት ቼክ በሌላ መንገድ ሄዳለች። የሎብኮቪች ቤተሰብ ንብረት በ1939 በናዚዎች፣ በ1948 ደግሞ በኮሙኒስቶች ተወሰደ። ከ1989 በኋላ በወጣው የመመለስ ሕግ ተመለሰ። ቤተሰቡ ሳይሸጥ በ2007 ፕራግ ላይ የራሱን ሙዚየም ከፈተ። የሠዓሊው የብሩጌል ሥዕልና ለቤቱ ልዑል መታሰቢያ የሆኑ የቤትሆቨን ሙዚቃዎች ሰነድ እዚያ ይታያሉ። በየቦታው የተበተነውን ለማስመለስ ዋናው መሣሪያ መዝገብ ነበር። ምን እንደነበረህ ካላወቅህ ምን እንደጠፋብህም አታውቅም።

እኛ ዘንድ ግን ዕቃው ወደ ዕቃ ቤት ገባ

አሁን ወደ አገራችን። ኢትዮጵያ ውስጥ መሳፍንትና መኳንንት ለዘመናት ሥዕል ሲያሠሩ፣ ብራና ሲያስጽፉ፣ ወርቅ ሲያስቀጠቅጡ ኖረዋል። ታዲያ ክራኮቭን የሚመስል የቤተሰብ ሙዚየም ለምን አልወጣም?

አንዱ ምክንያት ጉልት ነው። ጉልት ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት ነው፣ ከሹመት ጋር ይመጣል፣ ሲሻሩ ይሄዳል። ርስት ደግሞ ለልጆች ሁሉ ይከፋፈላል እንጂ በኩር ብቻውን አይጠቀልለውም። ስለዚህ የአንድ ራስ ሀብት በልጆቹ እጅ ይሳሳል፣ በልጅ ልጆቹ ይበተናል። «ትልቅ ቤት» የምንለው ከግድግዳው ይልቅ በሰውየው የሚቆም ነገር ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ጠለቅ ያለ ነው። የእኛ መኳንንት ምርጥ ዕቃቸውን ሳሎናቸው አልሰቀሉም። ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ለነፍስ፣ ለስለት፣ ለተዝካር። ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ ያለችው ናርጋ ሥላሴ ይህንን በአንድ ግድግዳ ታሳያለች። እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ እግር ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ተሥለዋል። አውሮፓዊው መስፍን ሥዕል አሠርቶ ራሱ ፊት ለፊት ይቆማል። እዚህ ያሠራው ሰው ከታች ነው፣ ጥግ ላይ፣ ተደፍቶ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሥዕሉ ራሱ ይናገራል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ መሳፍንት ስብስብ የለም ማለት አይቻልም። በየደብሩ ዕቃ ቤት ነው ያለው። ቁልፉ በዕቃ ቤቱ ኃላፊ እጅ ነው። በክብረ በዓል ይወጣል፣ ይገባል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቡት የብራና ክምችትም የዚሁ ልማድ ልጅ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዘረፈው። ለመሸከም 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ ይባላል። ዕቃው እዚያው መንገድ ላይ ለጨረታ ቀረበ። 350 ያህል ብራና ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በአንድ በኩል ካየነው የአንድ ንጉሥ ስብስብ ሙዚየም ገብቷል። የገባበት ግስ ግን ከአራቱ መንገዶች ሁሉ የከፋው፣ ነጠቃው ነው።

የ1967ቱ ውርስ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አዋጆቹ ስለ መሬትና ስለ ቤት ናቸው። ስለ ሥዕልና ስለ ካባ አይደሉም። ነገር ግን ባለቤቶቹ ታስረው፣ ተገድለው ወይም ተሰደው ነበር። ቤቱ ቀበሌ ወይም መሥሪያ ቤት ሲሆን ግድግዳው ላይ የነበረው ምን ሆነ? አንዳንዱ መንግሥት ግምጃ ቤት ገባ። አንዳንዱ ጎረቤት ዘንድ በአደራ ቀረ። አንዳንዱ የት እንደገባ አይታወቅም። የሕዝቡ ትዝታ ውስጥ «ወረሰ» የሚለው ቃል ሁለተኛ ትርጉሙን አጥብቆ የያዘው ያኔ ነው።

ከዚያ በፊትና በኋላ የሆኑት ግን ሁሉም ነጠቃ አልነበሩም። ንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ.ም. ተመረቀ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ዛሬ የንጉሡን መኝታ ቤትና ከታላላቆቹ አንዱ የሆነ የቅዱሳት ሥዕላት ስብስብ ይዞ እዚያው አለ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። እነዚህ ቤታቸው የመኳንንት የሆኑ፣ ስብስባቸው ግን ከየአቅጣጫው የመጣ ሙዚየሞች ናቸው።

ሐረር ላይ ነገሩ ጭራሽ ተገልብጧል። አብዱላሂ ሸሪፍ መስፍንም ባላባትም አይደሉም። በራሳቸው ጥረት የከተማቸውን ብራና፣ ጌጣጌጥ፣ ሳንቲምና የድምፅ ቅጂ ለዓመታት ሰበሰቡ። መጀመሪያ መኖሪያ ቤታቸውን ሙዚየም አደረጉት። በኋላ ከተማው የራስ ተፈሪን ቤት ሰጣቸው። መኳንንቱ ቤት አቀረቡ፣ ከተሜው ስብስቡን አመጣ። ለኢትዮጵያ የሚሆነው ሞዴል ከክራኮቭ ይልቅ ከዚህ ቢነሳ አይገርመኝም።

«በገባር ላብ የተገዛ ነው» የሚለው ክርክር

ሀዋሳ ላይ ይህ ርዕስ ሲነሳ የሚሰማው ትልቁ ተቃውሞ ይህ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የደቡቡ መሬት በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲገባ፣ ገበሬው ከነቤተሰቡ ለሹምና ለወታደር ገባር ሆኖ ተደለደለ። ማርም፣ እህልም፣ ጉልበትም ሰጠ። ሲዳማ ውስጥ ይህ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነገር አይደለም። ከአያት የተሰማ ነው። እንዲህ የተገኘ ሀብት የገዛውን የብር ጎራዴ መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ማብራት ለብዙዎች ቁስል መንካት ነው። በሕዝብ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ገባሩ ሁለተኛ ከፈለ ማለት ነው ይላሉ።

የሌላው ወገን ክርክርም የሚናቅ አይደለም። ጎራዴውን የሠራው ሹሙ አይደለም፣ አንጥረኛው ነው። ካባውን የሸመነው ሸማኔ ነው። በዚያው ሥርዓት እነዚህ ሰዎች «ጠይብ» ተብለው ተገልለው ኖረዋል። ዕቃውን ሸሽገን ስናበቃ የሚጠፋው የሹሙ ስም አይደለም፤ እሱ በታሪክ መጻሕፍት አለ። የሚጠፋው የአንጥረኛው እጅ ነው።

እኔ ሁለቱን የሚለያያቸው መግለጫ ጽሑፉ ነው ባይ ነኝ። ከዕቃው ሥር የምትለጠፈው ያቺ ትንሽ ካርድ። «የራስ እገሌ ጎራዴ» ብላ ካቆመች ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው። ብሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው፣ ግብሩን ማን እንደከፈለ ከጻፈች ያው ጎራዴ ሌላ ነገር ይናገራል። በክራኮቭም በፕራግም ይህ ጥያቄ አለ፤ የእነሱም መሳፍንት በጭሰኛ ጉልበት ነው የኖሩት። ብዙዎቹ ሙዚየሞች ግን ወርቃማ ፍሬም ማሳየት ይቀናቸዋል።

ሀዋሳ ላይ ቢሆንስ?

ሀዋሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። የሦስት ትውልድ የመኳንንት ቤት አይፈለግባትም። ሐይቁ ዳር የንጉሡ ዘመን ቤተ መንግሥት አላት። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ስብስቡን እዚህ ለማሳየት ቢፈልግ፣ ወይም ከተማው ልጋብዝ ቢል፣ ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

ከሚፈራው በላይ ይፈቅዳል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ በመንግሥትም በማንኛውም ሰውም ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። ባለቤቱ የመጠበቅና የማስመዝገብ ግዴታ አለበት። ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን ካልሆነ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ ሁለት ጠቃሚ መንገዶችን ያውቃል። አንዱ የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንት ነው፦ ንብረት ለአንድ በጎ ዓላማ ለዘለቄታው ይመደባል፤ ሰጪው ነገ ተነስቶ «መልሱልኝ» ማለት አይችልም። ሌላው ትረስት ነው፦ ንብረቱን ሌሎች ሰዎች በአደራ ያስተዳድሩታል። ሁለቱም ለእኛ ባዕድ አይደሉም። በእስልምና ለበጎ ዓላማ ለዘለቄታው የሚሰጠውን ንብረት፣ ወቅፍን የሚያውቅ የመጀመሪያው አይከብደውም። ሁለተኛው ደግሞ «አደራ» ከምንለው ብዙ አይርቅም።

የማድሪዱ መንገድ ለጠንቃቃ ከተማ ይስማማል። የስፔን መንግሥት የባሮን ቲሰን-ቦርኔሚሳን ስብስብ መጀመሪያ የወሰደው በውሰት ነው፣ ለዘጠኝ ዓመት ተኩል። ሙዚየሙ በ1992 ተከፈተ። ሕዝቡ ወደደው። በ1993 መንግሥት 775 ሥራዎችን በ350 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ቀምሶ መግዛት ነው። የሀዋሳ በጀት ግዢውን ባይችል ውሰቱን ይችላል። ቤተሰቡም ባለቤትነቱን ሳይለቅ መተማመኑን ያያል።

ችግሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ከዋንዛ የተሠራ ባለ መዝጊያ ቅዱስ ሥዕልን ጠጋ ብለን እንየው። እንጨቱ ላይ ስስ የጄሶ ልባስ አለ፣ ከላዩ ቀለም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ጄሶው ግን አይለጠጥም። ስለዚህ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይነሳል፣ ከዚያ በመጥረጊያ ተጠርጎ ይወጣል። ሦስት መቶ ዓመት ጨለማ ዕቃ ቤት ውስጥ ተመቻችቶ የኖረ ሥዕል፣ ሰፊ መስኮት ያለው ሐይቅ ዳር አዳራሽ ውስጥ በጥቂት ዓመት ሊያረጅ ይችላል። ለብራና፣ ለጨርቅና ለውሃ ቀለም የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ ያህል ነው። ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው፤ 50 ማለት ደብዘዝ ያለ የማታ ሳሎን እንደማለት ነው። «ሐይቁ እንዲታይ መስኮቱ ይስፋ» የሚል አርክቴክትና ጥበቃ ባለሙያው ገና ሳይጀመር ይጣላሉ።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። መብራት በሄደ ቁጥር የሚነሳ ጄኔሬተርም ይጨመርበት። በትኬት ብቻ የሚኖር ሙዚየም በዓለም ላይም ጥቂት ነው። ኢንዶውመንቱ በገንዘብ ሲሆን ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ ይወጣል። ግን ብሩ ባንክ ተቀምጦ የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ከበለጠ፣ ሳይነካ ይሟሟል። ለዚህ መላው አገር ውስጥ አለ። አብያተ ክርስቲያናት በአጥራቸው ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ፣ የወቅፍ ሕንፃም ኪራዩ ለዓላማው ይውላል። ሙዚየም የሚሰጥ ቤተሰብም ሆነ የሚቀበል ከተማ፣ ሥዕሉን የሚያኖር ሱቅ አብሮ ካላሰበ ነገሩ ምረቃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድን ለማሳለፍ የሚመጣው ሰው አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ፣ ሐይቁን ዞሮ ይመለሳል። ሙዚየሙ ለእሱ የአንድ ሰዓት ተጨማሪ ነው፣ ያውም ዝናብ ከጣለ። ቋሚው ጎብኚ ተማሪው ነው። በቱሪስት ቁጥር ብቻ የሚሰላ ሙዚየም ስለዚህ የተሳሳተ ሒሳብ ይዞ ይነሳል።

መዝገቡ

ወደ ፍርሃቱ እንመለስ። ቤቱ የአያቱ ብራና ወይም አሮጌ ሥዕል ያለው ሰው ብዙ ጊዜ «ካስመዘገብኩ ይወሰድብኛል» ይላል። ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም፤ 1967ን ያየ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። በሕጉ ግን መመዝገብና መውረስ ሁለት ናቸው። ምዝገባ ባለቤት አይቀይርም። ቅርሱ ቢሰረቅ «የእኔ ነው» ለማለት የሚያስችለውም እሱ ነው። ሳይመዘገብ የተሰረቀ መስቀል ጨረታ ላይ ቢታይ እንኳ የማን እንደሆነ ማስረዳት ጣር ነው።

ምዝገባ ሲታይ ቀላል ሥራ ነው። ባለሙያው ከዕቃው ጀርባ፣ በማይታይ ጥግ፣ ስስ ቫርኒሽ ይቀባል። ሲደርቅ በላዩ ቁጥር ይጽፋል። ቫርኒሹ ቁጥሩ ዕቃውን እንዳይነካ፣ ሲፈለግም እንዲለቅ ነው። ያ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይገናኛል። መዝገቡ ላይ ስሙ አለ፣ ልኩ አለ፣ ከምን እንደተሠራ አለ። ባለሙያዎች ፕሮቬናንስ የሚሉት፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ያለፈበት ታሪክም አለ። «እንዴት ተገኘ» የምትለዋ ዓምድ ጠባብ ናት፤ አንድ ግስ ብቻ ነው የምትይዘው። ተሰጠ፣ ተገዛ፣ በአደራ ተቀመጠ። «ተወረሰ» የሚጻፍበት ቦታ ላይ ግን ግሱ ብቻውን አይበቃም። ከአጠገቡ «በማን?» የምትል ሌላ ዓምድ ትጨመር።